ከሸኒ ማንትራዎች የትኛውን ልያዝ?

ህንድ አገር ፑኔ ከተማ ተማሪ ሳለሁ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ቅዳሜ ማታ በረንዳቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው ይቀመጡ ነበር። ካኩ እንላቸዋለን። በማራቲ ቋንቋ የአጎት ሚስት ማለት ነው፤ እኛ «እትዬ» እንደምንለው ዓይነት። ቀኝ እጃቸው ሁልጊዜ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ነው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይሰማም። መጀመሪያ ሰሞን እጃቸውን ያመማቸው መስሎኝ ነበር። ከረጢቱ ውስጥ መቁጠሪያ እንዳለ የገባኝ ቆይቶ ነው።

አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኳቸው። «ሸኒ ማሃራጅን እየጠራሁ ነው» አሉኝ፤ ከሂንዱ አማልክት አንዱን ማለታቸው ነው። ኢንተርኔት ላይ ያየኋቸውን አራት አምስት ዓይነት የሸኒ ማንትራዎች፣ ማለትም እየተደጋገሙ የሚባሉ የጸሎት ቃላት፣ ቆጠርኩላቸውና የትኛው እንደሚሻል ጠየቅኩ። መልሳቸው ሌላ ጥያቄ ሆነ፦ «ለስንት ቀን ልትለው ነው?»

ያን ጊዜ ጥያቄዬን የሸሹት መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ስለዚሁ ጉዳይ ለሚጠይቁኝ ሰዎች ስመልስ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

በነገራችን ላይ፣ በአማርኛ ቃል ሲቸግረኝ ማንትራ «መድገም» እላለሁ። ዳዊት እንደሚደገም ማለቴ ነው። «ድግምት» ግን አላልኩም። ከአንድ ግንድ የወጡ ቃላት ቢሆኑም ሰፈራቸው ለየቅል ነው።

መጀመሪያ ስለ ማንትራው ባለቤት

ሸኒ የሂንዱዎቹ ሳተርን ነው፤ በእኛ የድሮ የኮከብ መጻሕፍት ዙሐል የሚባለው። ከዘጠኙ ግረሀዎች አንዱ ነው። ዘጠኙ ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ማርስ፣ ሜርኩሪ፣ ጁፒተር፣ ቬነስ፣ ሳተርን፣ ከዚያም ራሁና ኬቱ የሚባሉት ሁለት የግርዶሽ ነጥቦች ናቸው። በአፈ ታሪኩ ሸኒ የፀሐይ አምላክ የሱርያና የቻያ ልጅ ነው። ቻያ ማለት ጥላ ነው። የጥላ ልጅ ስለሆነ ጠቆረ ይላሉ። የሙታን ዳኛ የሆነው ያማ ወንድሙ ነው።

ሙሉ ስሙ ሸነይሽቸረ «ቀስ ብሎ የሚሄድ» ማለት ነው። ስሙ ከሰማይ የተወሰደ ነው። ሳተርን ፀሐይን አንዴ ለመዞር 29 ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። በአንዱ የኮከብ ምድብ ውስጥ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ይቆያል። ስትወለዱ ጨረቃ ከነበረችበት ምድብ በፊት ባለው፣ በራሱ በምድቡና በሚቀጥለው ሲያልፍ በድምሩ ሰባት ዓመት ተኩል ይሆናል። ይህ «ሳዴ ሳቲ» ይባላል። ህንድ ውስጥ ሥራው የጠፋበት፣ ትዳሩ የተናጋበት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሳዴ ሳቲ ውስጥ ነኝ እንዴ?» ብሎ ነው።

ዓይኑ ይፈራል። ፑራና ከሚባሉት የሂንዱ የጥንት መጻሕፍት በአንዱ፣ ሸኒ ሕፃኑን አምላክ ገነሽን ቀና ብሎ ቢያየው የሕፃኑ ራስ ከአንገቱ ወደቀ፤ የዝሆን ራስ የተተካለት ለዚያ ነው ይባላል። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው የሸኒን ምስል ቤቱ አያኖርም። ቤተ መቅደስ ሲሄድም ፊት ለፊት አይቆምም፣ ጎን ይዞ ነው የሚሰግደው። ያም ሆኖ ክፉ አይሉትም። ዳኛ ነው። የሠራኸውን ነው የሚከፍልህ።

ማሃራሽትራ በሚባለው የህንድ ክፍለ ግዛት ውስጥ ሸኒ ሺንግናፑር የምትባል መንደር አለች። ጣሪያ በሌለው መድረክ ላይ የቆመ ጥቁር ድንጋይ ነው የሚሰገድለት። የመንደሩ ቤቶች በልማድ በር የላቸውም። ሌባ ሸኒ ራሱ ይይዘዋል ብለው ያምናሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ባንክ እዚያ ቅርንጫፍ ሲከፍት ቁልፍ የሌለው በር አስገጥሞ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ሴቶች ወደ መድረኩ እንዳይወጡ የሚከለክለው ልማድ የቀረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፣ ያውም ከፍርድ ቤት ክርክር በኋላ። ቤት ተቀምጦ ማንትራ ለመድገም ግን ሴት ወንድ ብሎ ክልከላ የለም። ካኩ ምስክር ናቸው።

ሳትጀምሩ ሁለት ነገር

አንደኛ፣ ማንትራ የአተነፋፈስ ስፖርት ብቻ አይደለም። መጨረሻ ላይ የሚመጣው «ነመህ» እሰግዳለሁ፣ እጅ እነሳለሁ ማለት ነው። የምትሰግዱት ለማን እንደሆነ አውቃችሁ ነው የምትገቡበት። ዮጋ ቤት ውስጥ «ድምፅ ብቻ ነው» የሚሉ አስተማሪዎች አሉ። እኔ አልስማማም። ለአማኞቹም ለእናንተ ሃይማኖትም አክብሮት ማጣት ይመስለኛል። ሃይማኖታችሁ የማይፈቅድ ከሆነ ለማወቅ ያህል አንብቡት።

ሁለተኛ፣ ኮከባችሁን አታምታቱ። በዐውደ ነገሥት ስማችሁና የእናታችሁ ስም ተሰልቶ የወጣው ኮከብ ሌላ ነው። ጋዜጣ ላይ በልደት ወር የሚነበበውም ሌላ ነው። ህንዶቹ ለሳዴ ሳቲ የሚያዩት በተወለዳችሁበት ሰዓት ጨረቃ የነበረችበትን ምድብ ነው። ሳተርን ከመጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በእነርሱ አቆጣጠር ሑት ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ሳዴ ሳቲ የሚባለው ጨረቃቸው በደለዊ፣ በሑት ወይም በሐመል ለሆነ ሰዎች ነው። አንድ ወዳጄ በዐውደ ነገሥት ሐመል ስለሆነ ብቻ ወር ሙሉ ሲጨነቅ ከረመ። ልደቱ በህንዶቹ ሲሰላ ጨረቃው ሚዛን ሆና ተገኘች።

የቀን መቁጠሪያዎቻቸውም እርስ በርስ አይስማሙም። ሳተርን ደለዊ የገባው በዘመናዊው ስሌት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 2023 ነው። በደቡብ ህንድ በሸኒ ስም የታወቀው የቲሩናላር ቤተ መቅደስ ግን በጥንቱ ስሌት ስለሚሄድ በዓሉን ያከበረው ዲሴምበር 20 ነው። አሥራ አንድ ወር ልዩነት! ስለዚህ «ዛሬ ካልጀመርክ አለቀልህ» የሚላችሁን ሰው ብዙ አትስሙት።

አጭሩ

«ኦም ሸም ሸነይሽቸራየ ነመህ።»

ትርጉሙ «ቀስ ብሎ ለሚሄደው እሰግዳለሁ» ነው። «ሸም» ከስሙ የመጀመሪያ ፊደል የተወሰደ የዘር ድምፅ ነው። በጠቅላላው ዘጠኝ ቀለም ነው። ሳትቸኩሉ ብትሉት ሦስት ሰከንድ ቢፈጅባችሁ ነው። አንድ መቁጠሪያ 108 ፍሬ ስላለው አንዱን ዙር ለመጨረስ ከአምስት እስከ ስድስት ደቂቃ ይበቃል።

አነባበቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ጋ እኛ ዕድለኞች ነን። ሳንስክሪት አጭርና ረጅም «አ» ይለያል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን ኢንተርኔት ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይሆናሉ። እንግሊዝኛውን አይቶ የሚለማመድ ሰው «ሻናይሽቻራያ ናማ» ብሎ ያርፋል። በፊደላችን አጭሩን በግዕዝ፣ ረጅሙን በራብዕ መጻፍ ይቻላል። ሸ፣ ነይ፣ ሽ፣ ቸ፣ ራ፣ የ። የሚረዝመው «ራ» ብቻ ነው። ካኩ እኔ ከፊደሌ ሳነብላቸው ሰምተው ከእንግሊዛዊው ጎረቤታችን ይሻላል ብለው ሳቁ።

ወጥመድም አለን። የሚፈነዱት ድምፆቻችን ጨ፣ ጰ፣ ጠ፣ ቀ በሳንስክሪት የሉም። ምላሳችን ሳያስበው «ሸነይሽጨራየ» ሊል ይችላል። ተጠንቀቁ። የመጨረሻዋ «ህ» ደግሞ ጉሮሮ ላይ የምትቀር ቀጭን ትንፋሽ ናት። አትዋጧት።

ማን ይያዘው? ብዙው ሰው። ሥራ የሚሮጥ፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ ባቡር ውስጥ የሚደግም። አስተማሪ አይጠይቅም፣ የስም ማንትራ ለሁሉም ክፍት ነው የሚለው አመለካከትም በሰፊው ተቀባይነት አለው። ጉዳቱ ምንድነው ካላችሁ፣ ይሰለቻል። በሦስተኛው ሳምንት አፋችሁ እየደገመ ሐሳባችሁ ገበያ ሲወርድ ታገኙታላችሁ።

የዘር ድምፆቹ

«ኦም ፕራም ፕሪም ፕራውም ሰህ ሸነይሽቸራየ ነመህ።»

ዩቲዩብ ላይ በብዛት የምታገኙት ይህን ነው። «ኃይለኛው» እየተባለም ይሸጣል። ፕራም፣ ፕሪም፣ ፕራውም የመዝገበ ቃላት ትርጉም የላቸውም። በዚህ ባህል ድምፁ ራሱ ነው ሥራው፤ ቢጀ ይሉታል፣ ዘር ማለት ነው። ትርጉም ከሌለው ደግሞ የሚቀረው አነባበቡ ብቻ ነው። ቃል ብትስቱ ሐሳቡ አያድናችሁም።

በወጉ እንዲህ ያለው ማንትራ ከጉሩ፣ ከመንፈሳዊ አስተማሪ አፍ ነው የሚወሰድ። ጉሩው በጆሮህ ይነግርሃል፣ ትደግምለታለህ፣ ያርምሃል። ይህ ዲክሻ ይባላል። እኔ በዚህ ከወግ አጥባቂዎቹ ጋር ነኝ። ከቪዲዮ ለመማር የሚነሳ ሰው ቢያንስ ሳንስክሪት በሚያውቅ ሰው ፊት አንዴ ቢለው ይሻላል። በባህረ ሰላጤው አገር የምትኖሩ ለዚህ ሩቅ አይደላችሁም። ዱባይ ጀበል አሊ ያለው የሂንዱ ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. በ2022፣ አቡ ዳቢ ያለው ትልቁ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2024 ተከፍተዋል። ካህናቱን ጎራ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ከአጭሩ ጋር ሲነጻጸር ርዝመቱ ብዙ አይለይም፤ አሥራ ሁለት ቀለም ነው። የሚለየው ኃላፊነቱ ነው። አስተማሪ ያለው ይያዘው። አስተማሪ የሌለው አጭሩን ቢይዝ ምንም አይቀርበትም። ይህን ስል «ደካማውን ትመርጣለህ» የሚሉኝ አሉ። ይበሉ።

ግጥሙ

«ኒላንጀነ ሰማባሰም፣ ረቪፑትረም የማግረጀም፤
ቻያ ማርተንደ ሰምቡተም፣ ተም ነማሚ ሸነይሽቸረም።»

አማርኛው እንዲህ ይሆናል፦ «እንደ ሰማያዊ ኩል የሚያብረቀርቀው፣ የፀሐይ ልጅ፣ የያማ ታላቅ ወንድም፣ ከቻያና ከማርተንደ የተወለደው፣ ያን ቀስ ብሎ የሚሄደውን እሰግድለታለሁ።» ማርተንደ ሌላው የፀሐይ ስም ነው። ኩሉ እኛ ዓይን የምንኳለው ኩል ነው። በአማርኛ ስተረጉመው ያለ ምንም ማብራሪያ ቦታው ላይ የገባልኝ ቃል እርሱ ነበር።

ይህ ለዘጠኙም ግረሀዎች አንድ አንድ ስንኝ ካለው ውዳሴ የተወሰደ ነው። በትውፊት ማሃባራታ የሚባለውን ግዙፍ የህንድ ትረካ አጠናቀረ ለሚባለው ለቭያሰ ይሰጣል። ሠላሳ ሁለት ቀለም ነው፣ ስምንት ስምንት ሆኖ በአራት ይከፈላል። ምቱ ስላለው በአንድ ቀን በቃል ይያዛል።

እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ ምንም አይለምንም። ሥራ ስጠኝ፣ ሕመሜን አንሳ፣ ጠላቴን ያዝልኝ የሚል ቃል የለበትም። ማን እንደሆነ ይናገራል፣ ይሰግዳል፣ አበቃ። ትርጉሙን አውቆ መድገም የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም። በሥራ ቀን 108 ጊዜ ለማለት ግን ይከብዳል፤ አንዱ አሥር ሰከንድ ቢፈጅ አንድ መቁጠሪያ አሥራ ስምንት ደቂቃ ይወስዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ 108፣ በሌላው ቀን ሦስት ጊዜ ወይም አሥራ አንድ ጊዜ ማለት ይቻላል።

የትኛው ግረሀ እንደሚመለከተው የማያውቅ ሰውም አለ። እርሱ ዘጠኙንም ስንኝ ይበል። ጥቂት ደቂቃ ነው።

የቬዳው

«ሸም ኖ ዴቪረቢሽተየ፣ አፖ በቨንቱ ፒተዬ፤ ሸም ዮረቢ ስረቨንቱ ነህ።»

ይህ የሚገርም ነው። ቬዳ ከሚባሉት የሂንዱ ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ በሆነው በሪግ ቬዳ 10ኛ መጽሐፍ፣ 9ኛ መዝሙር፣ 4ኛው ስንኝ ነው። የሸኒ የቬዳ ማንትራ እየተባለ በየካህናቱ ይደገማል። ግን ስለ ሸኒ አንድም ቃል የለበትም! መዝሙሩ ለውኃ ነው። «አማልክት የሆኑት ውኆች ለእርዳታችን፣ ለመጠጣችን መልካም ይሁኑልን፤ ደኅንነትን ያፍስሱልን» የሚል ነው። ለሸኒ የተሰጠው «ሸም» ብሎ ስለሚጀምርና «ሸም ኖ» ከስሙ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ሌሎቹ ግረሀዎችም እንዲህ በድምፅ ብቻ የተገጣጠሙላቸው የቬዳ ስንኞች አሏቸው።

ለእኔ ውበቱ አይቀንስም። የተፈራው፣ ደረቁ፣ የረሃብ አምጪ የሚባለው ሸኒ በውኃ ጸሎት መጠራቱ እንዲያውም ደስ ይላል።

ምርጫ ውስጥ ላስገባው ወይ? ለብቻችሁ ከሆናችሁ አይሆንም እላለሁ። የቬዳ ንባብ ድምፁ የሚወጣበት፣ የሚወርድበት፣ የሚወዛወዝበት ቦታ የተወሰነ ነው። ዩኔስኮ የሰው ልጅ ቅርስ ብሎ የመዘገበው ይህ በቃል የሚተላለፍ ስልት ነው። ከመጽሐፍ ብቻ ማንበብ ምልክቱን ሳያውቁ ድጓ እንደማዜም ነው። በጥንቱ ወግም የቬዳ ንባብ በሥርዓት የተቀደሰ ክር ለታሰረላቸው ወንዶች ብቻ ነበር። ዛሬ ሴቶችንም የሚያስተምሩ አሉ፣ ሁሉም ግን አይቀበለውም። ስትፈልጉት አንድ ካህን ሲለው ቁጭ ብላችሁ ስሙ። መስማትም አንድ ድርሻ ነው።

«ካከድቨጃየ ቪድመሄ» ብሎ የሚጀምር የሸኒ ጋያትሪም (ጋያትሪ በሚባለው የግጥም ምት የተሠራ ማንትራ) አለ። ሰንደቁ ላይ ቁራ ያለበት፣ በእጁ ሰይፍ የያዘ ይለዋል። ከቦታ ቦታ ቃላቱ ይለያያሉ። የታወቀው ጋያትሪ የለመደው ሰው ምቱን ስለሚያውቀው ይቀለዋል። ለሌላው ከአጭሩ የሚያስመርጥ ነገር አላየሁበትም።

ረጃጅሞቹ

ሁለት ናቸው በብዛት የሚደገሙት፣ ጠባያቸውም ለየቅል ነው።

አንዱ የንጉሥ ደሸረተ ውዳሴ ነው። ደሸረተ ራማያና የሚባለው ትረካ ጀግና የሆነው የራማ አባት ነው። ሸኒ ሮሂኒ የምትባለውን የከዋክብት ክምችት ሰንጥቆ ሊያልፍ ነው፣ ካለፈ አሥራ ሁለት ዓመት ረሃብ ይሆናል ብለው ኮከብ ቆጣሪዎቹ ነገሩት። ንጉሡ ሠረገላውን አስነሥቶ ሰማይ ወጥቶ ፊቱ ቆመ። ሸኒ በድፍረቱ ተደንቆ «ምን ላድርግልህ?» አለው። «አገሬን ተውልኝ» አለ። ከዚያ ያወደሰበት ቃል ነው «ነመህ ክሪሽናየ ኒላየ» ብሎ የሚጀምረው። ለጥቁሩ፣ ለሰማያዊው እሰግዳለሁ ማለት ነው። መልኩን እየጠራ ይቀጥላል፦ የጎደጎደ ዓይኑን፣ የከሳ ሰውነቱን፣ የተንጨባረረ ፀጉሩን። የሚያስፈራ ነገርን በስሙ እየጠሩ መስገድ ነው። ቅዳሜ ማታ አንዴ ብቻ ይበቃል። መቁጠሪያ አያስፈልገውም። ታሪክ ለሚወድ፣ ቁጥር ለሚሰለቸው ሰው ይሄ ነው።

ሁለተኛው ጭራሽ የሸኒ አይደለም፤ ሀኑማን ቻሊሳ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ለኖረው ለቱልሲዳስ የሚሰጥ፣ በአዋዲ ቋንቋ የተጻፈ፣ አርባ ስንኝ ያለው፣ የዝንጀሮ መልክ ያለው አምላክ የሀኑማን ውዳሴ ነው። ከሸኒ ጋር ያገናኘው አፈ ታሪክ እንዲህ ነው። ሸኒን የአጋንንት ንጉሥ የሚባለው ራቨነ አስሮት ነበር። ሀኑማን ፈታው። ሸኒም «አንተን የሚጠራውን አልነካም» ብሎ ቃል ገባ። ስለዚህ ሰሜን ህንድ ውስጥ ቅዳሜ የሀኑማን ቤተ መቅደስ ሰልፍ አለው። ከአሥር ደቂቃ በታች ያልቃል። ዜማው ይይዛል፣ ሕዝብ በሕብረት ይለዋል፣ ስለ ድምፅ ስሕተት ማንም አይቆጣም።

ወደ ሸኒ የሚገፋችሁ ፍርሃት ከሆነ እኔ ቻሊሳውን እመክራለሁ። የሚፈሩትን ስም በቀን 108 ጊዜ መጥራት በአንዳንዱ ሰው ላይ ፍርሃቱን ያብሳል። አይቻለሁ። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ «ማንትራው አልሠራም» እያለ ቁጥር የሚጨምር ሰው ማንትራ ሳይሆን ዕረፍት ነው የሚያስፈልገው። ጭንቀቱ ከቆየ ደግሞ ሐኪም ጋ መሄድ።

ጮክ ብሎ፣ በሹክሹክታ ወይስ በልብ?

ሦስቱም ይቻላሉ። የማኑ ሕግ በሚባለው የሂንዱ የጥንት መጽሐፍ ውስጥ ማንትራ መድገም ከመሥዋዕት አሥር እጥፍ ይበልጣል ይላል። በሹክሹክታ የሆነው መቶ እጥፍ፣ በልብ የሆነው ሺህ እጥፍ። ይህን ያነበበ ጀማሪ ወዲያው በልብ ይጀምራል። ከዚያ በአሥረኛው ፍሬ ላይ ስለ ቤት ኪራይ እያሰበ ይነቃል። መጀመሪያ ወር ጮክ ብላችሁ በሉት፤ ስሕተታችሁንም ትሰማላችሁ። አፋችሁ ሲለምድ ወደ ሹክሹክታ ውረዱ። የካኩ ከንፈር ያለ ድምፅ ሲንቀሳቀስ የነበረው እዚያ ደረጃ ላይ ስለነበሩ ነው።

ለአካል የሚያደርገው ነገር በትንሹ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ የጣሊያን ጥናት 23 ጤነኛ ሰዎችን አይቷል። የካቶሊክ መቁጠሪያ ጸሎትን በላቲን ሲደግሙም፣ የዮጋ ማንትራ ሲደግሙም አተነፋፈሳቸው በደቂቃ ወደ ስድስት ያህል ወረደ። የልብና የደም ግፊት ምታቸውም ተስማማ። ሁለቱም ጸሎት ተመሳሳይ ውጤት ነው ያመጡት። ስለ ሳተርን ግን ጥናቱ ምንም አላለም፤ ሊልም አይችልም።

ቁጥሩና መቁጠሪያው

የእኛ ኦርቶዶክሶች መቁጠሪያ 41 ወይም 64 ፍሬ ነው። የሙስሊሞቹ 33 ወይም 99። የሂንዱዎቹ ማላ 108 ነው። አንዱ ማብራሪያ ዘጠኙ ግረሀ በአሥራ ሁለቱ ምድብ ሲባዛ 108 ይሆናል የሚለው ነው። ከሁሉ ተለቅ ያለችው ፍሬ ሜሩ ትባላለች። አትቆጠርም፣ አትዘለልምም። እርሷ ጋ ስትደርሱ ማላውን አዙራችሁ በመጣችሁበት ትመለሳላችሁ። ፍሬው የሚሳበው በአውራ ጣትና በመሐል ጣት ነው። ጠቋሚ ጣት አይነካውም። ከረጢቱ ለዚያ ይረዳል፤ ጠቋሚ ጣት የምትወጣበት ቀዳዳ አለው።

ለሸኒ በብዛት የሚጠቀሰው ጠቅላላ ቁጥር 23,000 ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። 23,000 ለ108 ሲካፈል 213 መቁጠሪያ ይሆናል። በቀን አንድ ብትሉ ሰባት ወር፣ በቀን ስድስት ብትሉ 36 ቀን ነው። በአጭሩ ማንትራ ስድስት መቁጠሪያ ሠላሳ አምስት ደቂቃ አካባቢ ነው። በግጥሙ ግን ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል። ማንትራ ከመምረጣችሁ በፊት ይህን ብትሠሩ ግማሹ ምርጫ ያልቃል። የካኩ «ለስንት ቀን?» የገባኝም ወረቀት ላይ ሳሰላው ነው። እኔ በቀን አንዱን፣ የሰባት ወሩን እመርጣለሁ። ቀስ ብሎ ለሚሄድ አምላክ መቸኮል ምን ይባላል?

የሚጀመረው ቅዳሜ ነው፣ ከታጠቡ በኋላ፣ ብዙዎች ፀሐይ ስትጠልቅ ይመርጣሉ። ፊት ወደ ምዕራብ። በሰሜን ህንድ የሰናፍጭ ዘይት ኩራዝ ያበራሉ፣ በደቡብ የሰሊጥ ዘይት። አሜሪካ ያላችሁ በህንድ ሱቅ የሰናፍጩን ዘይት ስትገዙ «ለውጭ አካል ብቻ» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ለኩራዝ ችግር የለውም። ጥቁር ሰሊጥ፣ ጥቁር ልብስ፣ ብረት ለድሃ መስጠትም የቅዳሜ ወግ ነው። ሰማያዊ ሰንፔር ቀለበት ግን የግድ ነው ብሎ በውድ ሊሸጥላችሁ የሚሞክርን ሰው እለፉት። እዚያው ህንድ ያሉ ኮከብ ቆጣሪዎች እንኳ ሳይሞከር አይደረግም የሚሉት ድንጋይ ነው።

ከፍሎ ማስደገምስ?

ይቻላል። ካህኑ መጀመሪያ ላይ ሰንከልፐ የሚባል ቃል ኪዳን ይገባል፣ ስማችሁን ጠርቶ በእናንተ ስም ይደግማል። የቬዳውን ወይም የዘር ድምፁን በትክክል ማስባል ለሚፈልግ ሰው ጥሩ መንገድ ነው። የታመመ ሰው፣ አቅም ያጣ አዛውንትም ይጠቀምበታል። በኢንተርኔት ሲሆን ግን 23,000ው መደገሙን በምን ታውቃላችሁ? እኔ አንዴ ለአንድ ድረ ገጽ ከፍዬ ከሦስት ቀን በኋላ «ተፈጽሟል» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። አንድ ሰው በሦስት ቀን ያን ያህል ለመድገም በቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ መቀመጥ አለበት። ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እኔ አላመንኩም።

የተቀዳ ድምፅ እየከፈቱ ሥራ መሥራትም አለ። ለጆሮ ጥሩ ነው፣ አነባበብ ያስለምዳል። ጀፐ (ማንትራ መድገም) ግን አይባልም፤ የእናንተ አፍ የለበትማ።

አንድ መቁጠሪያ ከተጀመረ መሐል ላይ አይወራም። ይህን የተማርኩት ፑኔን ልለቅ በቀረኝ የመጨረሻ ቅዳሜ ነው። ካኩ በረንዳው ላይ ነበሩ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ በዚህ ሁሉ ዓመት የሚሉት የትኛውን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ዓይናቸው ፈጠጠ። ግራ እጃቸውን ወደ ኩሽናው ጠቆሙ። መልሱን በምልክት እየነገሩኝ መስሎኝ ተጠግቼ ከንፈራቸውን ለማንበብ ሞከርኩ። እጃቸው በኃይል ደጋግሞ ጠቆመ። ተነስቼ ስገባ ሻዩ ገንፍሎ ምድጃውን አጥፍቶታል። ጠርጌ ስመለስ ሜሩዋ ጋ ደርሰው ማላውን አዙረው ሌላ ጀምረዋል።